ዝምታው የት ላይ ነው? የጊታር ኢፌክት መሣሪያ መግቢያ ጃክ ሲበላሽ

ሐሙስ ምሽት ነበር። ጀርመን አገር የማስተርስ ትምህርቴን በምከታተልበት ወቅት፣ ፍራንክፈርት የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ስልክ ደወለልኝ። ቅዳሜ በአንድ ሠርግ ላይ ጊታር ሊጫወት ቀብድ ተቀብሏል፤ የኢፌክት መሣሪያው ግን ድንገት ዝም ብሎበታል። መሣሪያው መካከለኛ መጽሐፍ የሚያክል፣ በባትሪ የሚሠራ ሣጥን ነው። ከጊታሩ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ ማስተጋባትን፣ ማሻከርንና ሌሎች ቀለሞችን እየጨመረ ወደ ድምፅ ማጉያው ያስተላልፋል።

«መብራቱ ይበራል፤ ድምፅ ግን የለም። ሞቷል መሰለኝ» አለኝ። በዚያው ቀን የወሰደበት የጥገና ሱቅ፣ ሣጥኑን እንኳ ሳይከፍት፣ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ መግዣ እንደሚበልጥ ነግሮ መልሶታል። «አንተ ኢንጂነር አይደለህ እንዴ? እስቲ እየው» ሲል ጨመረ።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ዑደትን በሒሳብ ቀመር ማስላት እችል ነበር እንጂ ሶልደር ይዤ የሠራሁበት ሰዓት ተደምሮ ከአንድ ቀን አይበልጥም። ሆኖም አርብ ማታ ሣጥኑን ስንከፍተው የተገኘው ችግር ቀመር የሚሻ አልነበረም። ከውስጥ ያሉት ረቂቅ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ሁሉ ደኅና ነበሩ። የተበላሸው የጊታሩ ገመድ የሚሰካበት፣ ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና የማይበልጥ ጃክ ብቻ ነበር።

ይህ ገጠመኝ የእኛ ብቻ አይደለም። በእጅ የሚያዙ የሙዚቃ መሣሪያዎች «ሞቱ» ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው የሚያስበው ክፍላቸው ሳይሆን ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኙበት በራቸው ነው። ጊታር ብቻም አይደለም፤ ዛሬ በየመድረኩ የምናየው ድምፅ መሳቢያ የተገጠመለት ክራርም በዚሁ በር ያልፋል። ይህ ጽሑፍ በሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚበላሽ፣ ሣጥኑን ሳይከፍቱና ከፍተው እንዴት እንደሚመረመር፣ በመጨረሻም እንዴት እንደሚጠገን ያስረዳል።

ከስልክ ቤት የመጣ በር

በቅድሚያ በስም እንግባባ። በገመዱ ጫፍ ያለውን ወንዴ ብረት ስፒና፣ በሣጥኑ ላይ ያለውን ተቀባይ ቀዳዳ ደግሞ ጃክ እንላለን። የጊታር ስፒና ውፍረት 6.35 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሩብ ኢንች ነው። ይህ ልክ የተወለደው ከሙዚቃ ጋር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ የስልክ ጥሪ በእጅ ይገናኝ በነበረበት ዘመን፣ ኦፕሬተሮች አንዱን ደንበኛ ከሌላው ጋር የሚያገናኙት ገመድ ከሰሌዳው ላይ በመሰካትና በመንቀል ነበር። ያው ስፒና ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ቅርጹን እምብዛም ሳይለውጥ፣ ዛሬም ጊታርን ከማጉያ ጋር ያገናኛል።

የስልክ ቤቱ ሰሌዳ ግን ከግድግዳ ጋር የቆመ ከባድ ዕቃ ነበር። የዛሬው ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ከወንበር ላይ ይወድቃል፤ ገመዱ በእግር ይጠለፋል፤ ስፒናው እንደተሰካ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። በሩ ያው ሆኖ ቤቱ ቀለለ፤ አብዛኛው ብልሽት የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

በጃኩ ውስጥ ምን አለ?

ማንኛውም የኤሌክትሪክ ምልክት ለመጓዝ ሁለት መንገድ ይፈልጋል፤ መሄጃና መመለሻ። ስፒናውን ልብ ብለው ቢያዩት ሁለት የብረት ክፍሎች አሉት፤ በመካከላቸውም ጥቁር የፕላስቲክ ቀለበት ይታያል። ጫፉ ምልክቱን ይወስዳል፤ ግንዱ መመለሻ ነው፤ ባለሙያዎች ግራውንድ ይሉታል። የስቴሪዮ ስፒና ከሆነ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ የብረት ክፍል ይጨመራል።

ስፒናው ሲገባ በጃኩ ውስጥ ያለ የታጠፈ ስስ ብረት፣ ልክ እንደ ሞላ፣ ጫፉ ላይ ይጫናል። ሌላ ብረት ደግሞ ግንዱን ይይዛል። እነዚህ ብረቶች ወደ ታች ወርደው እግር ይሆናሉ፤ እግሮቹም በሰርኪዩት ቦርዱ ላይ በሶልደር ተበይደው ይቆማሉ። የጊታሩ ድምፅ ወደ መሣሪያው የሚገባው በእነዚህ ሁለት የብየዳ ነጥቦች ብቻ ነው። ከተራ ጊታር የሚወጣው ምልክት ደግሞ እጅግ ደካማ ነው፤ በአብዛኛው የአንድ ቮልት አሥረኛ ያህል ሲሆን፣ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ከዚያ ከፍ ይላል። በመንገዱ ላይ የምትፈጠር ትንሽ ክፍተት ሙዚቃውን እንዳለ ትውጠዋለች።

ብዙ ጃኮች ከዚህ በተጨማሪ የተደበቀ ሥራ አላቸው። አንዳንዶቹ ስፒና በሌለበት ጊዜ ምልክቱን የሚቀበለውን ብረት ከመመለሻው ጋር ያገናኙታል፤ ይህም መሣሪያው ባዶውን ሲቀመጥ ከአየር ላይ ጫጫታ እንዳይለቅም ነው። ስፒናው ሲገባ ግንኙነቱ ይላቀቃል። በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ ብዙ የእግር ኢፌክቶች ደግሞ የመግቢያ ጃካቸውን እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ይጠቀሙበታል። በውስጣቸው የስቴሪዮ ጃክ ይገጠማል፤ የባትሪው አሉታዊ መስመር ከመካከለኛው ብረት ጋር ይያያዛል፤ ተራው የጊታር ስፒና ሲገባ ረጅሙ ግንዱ መካከለኛውን ብረት ከመመለሻው ጋር ያገናኝና ዑደቱ ይዘጋል። ስለዚህ ገመዱን ሳይነቅል የተኛ ሙዚቀኛ ጠዋት ባትሪው አልቆ ያገኘዋል። በእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ የጃክ ብልሽት ድምፅ ብቻ ሳይሆን መብራትም ሊያሳጣ እንደሚችል መታወቅ አለበት። ባለቤቱ «ተቃጠለ» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ለምን ይሰበራል?

መልሱ በትምህርት ቤት የተማርነው የመፈንቅል ሕግ ነው። ስፒናው ከሣጥኑ ውጭ በ4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጥቷል እንበል። ጃኩ የሚወዛወዝበት ነጥብና የተበየዱት እግሮች ያላቸው ርቀት ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ገመዱ ተጠልፎ የስፒናው ዳር ሲገፋ፣ በብየዳው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከተገፋበት ኃይል 8 እጥፍ ይሆናል። ሶልደር ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የተሠራ ለስላሳ ብረት እንጂ ክብደት እንዲሸከም የተሠራ ምሰሶ አይደለም። በአንድ ጊዜ ላይሰበር ይችላል፤ በየልምምዱ፣ በየመድረኩ ጥቂት በጥቂት እየደከመ ይሄዳል። በመጨረሻ በእግሩ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ፣ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይፈጠራል።

ይህን ጫና እንዲሸከም የታሰበው የሣጥኑ ግድግዳ ነው። በብዙ ጃኮች አንገት ላይ የሚታሰረው ዳዶና ሮንዴላው ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም፤ ጃኩን ከግድግዳው ጋር አጥብቀው በመያዝ ግፊቱ ወደ ቦርዱ እንዳያልፍ ያደርጋሉ። ዳዶው ሲላላ ወይም ሲጠፋ ሸክሙ በሙሉ ወደ ብየዳው ይዞራል።

ሁለተኛው ምክንያት ቆሻሻ ነው። አቧራ፣ ላብ፣ የሲጋራ ጢስ ቅሪትና እርጥበት ተደማምረው በብረቶቹ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ሦስተኛው የሞላው መድከም ነው፤ ብረቱ ከብዙ መሰካትና መንቀል በኋላ ይላላና የስፒናውን ጫፍ አጥብቆ መንካት ያቆማል።

ሣጥኑን ሳይከፍቱ መመርመር

የጥገና የመጀመሪያው ሕግ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ ነው። ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት የሚከተሉትን ይሞክሩ።

አንደኛ፣ ገመዱን ይቀይሩ። ከጃክ ይልቅ ገመድ ቶሎ ይበላሻል። በሚሠራ ሌላ ገመድና ከተቻለ በሌላ ጊታር ሳይሞክሩ መሣሪያውን አይክሰሱ። ባትሪውንም በአዲስ ይተኩ።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ራሱ የሚያመነጨው የከበሮ ምት ካለው ያስነሡትና በጆሮ ማዳመጫ ያዳምጡ። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ለልምምድ የሚሆን ምት በውስጣቸው አላቸው። ከበሮው በደንብ ከተሰማ ኃይሉ፣ አእምሮውና የመውጫው መስመር ደኅና መሆናቸውን በአንድ ጊዜ አረጋገጡ ማለት ነው፤ ችግሩ ከመግቢያው በኩል ነው። የአጎቴ ልጅ በስልክ ይህን እንዲሞክር ስነግረው ከበሮው ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ መሣሪያው «ሙት» መባሉ ቀረ።

ሦስተኛ፣ የጣት ሙከራ ያድርጉ። መሣሪያው በባትሪ እየሠራ፣ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ፣ ገመዱን ከመሣሪያው ጋር ብቻ ይሰኩና የሌላኛውን ዳር ጫፍ በጣት ይንኩ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ዝቅ ያለ እምምታ ይሰማል። ሰውነታችን በቤት ውስጥ ካለው የኤሌክትሪክ መስመር የሚለቅመው ምልክት ነው፤ በአውሮፓና በኢትዮጵያ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በአሜሪካ 60 ጊዜ የሚርገበገብ። ምንም ካልተሰማ የጫፉ መንገድ ተቋርጧል ወይም ከመመለሻው ጋር ተነካክቷል። ሳይነኩትም ኃይለኛ እምምታ ካለና ጊታሩ ሲሰካም ካልጠፋ፣ የተቋረጠው መመለሻው ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ስፒናውን በቀስታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ያንቀሳቅሱ። ድምፁ እየመጣ ከሄደ ወይም ከተንኮሻኮሸ ግንኙነቱ ላልቷል። ስፒናው ሲንቀሳቀስ ጃኩ ራሱ አብሮ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ የብየዳው ስንጥቅ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው።

ከፍቶ መለካት

አሁን ሣጥኑን መክፈት ይቻላል። አስቀድሞ ባትሪውን ማውጣት፣ አዳፕተሩን መንቀል ግድ ነው። ቪቴዎቹ ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል፣ በነጭ ወረቀት ላይ የሣጥኑን ቅርጽ ስለው እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ላይ ያስቀምጡት። በየደረጃው በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ሲገጥሙ ከማስታወስ ያድንዎታል። ስስ የሪባን ገመዶች ካሉ አይጎትቷቸው፤ አብዛኞቹ በትንሽ መቆለፊያ የተያዙ ናቸው።

የጃኩን እግሮች ከቦርዱ ጀርባ በማጉያ መነጽር፣ ብርሃን ከጎን እያበሩ ይመልከቱ። ጤናማ ብየዳ ከእግሩ ወደ መዳቡ እንደ ተራራ ግርጌ ተዳፍቶ ይወርዳል። የታመመው በእግሩ ዙሪያ ጥቁር ክብ መስመር ይታይበታል። በእኛው መሣሪያ ላይ ያየነው ይህንኑ ነበር፤ ስፒናውን ስንነቀንቀው እግሩ በብየዳው መካከል ከፍ ዝቅ ይላል።

ዓይን ካልበቃ መልቲሜትር ይፍረድ። መሣሪያውን «ቢፕ» ወደሚለው የግንኙነት መለኪያ ያዙሩት። ገመዱን ከጃኩ ጋር ይሰኩና አንዱን መለኪያ በነፃው ስፒና ጫፍ፣ ሌላውን በቦርዱ ላይ ከጃኩ የጫፍ እግር ቀጥሎ ባለው የመዳብ መስመር ላይ ያሳርፉ። እግሩን ራሱን መንካት አይበቃም፤ ስንጥቁ ያለው በእግሩና በመዳቡ መካከል ነውና። ስፒናውን እያንቀሳቀሱ ቢፕታው የሚቆራረጥ ከሆነ በሽታው ተገኘ። ለግንዱም እንዲሁ ያድርጉ። ቀጥሎ በነፃው ስፒና ጫፍና ግንድ መካከል ይለኩ። እዚህ ላይ ቢፕ ማለት የለበትም። ካለ ገመዱ በውስጡ ተነካክቷል፤ ወይም ስፒናው ሲገባ መላቀቅ የነበረበት የጃኩ ማቋረጫ ተጣብቆ ቀርቷል።

ሦስት የጥገና ደረጃዎች

የመጀመሪያው ማጽዳት ነው። ብየዳው ደኅና ሆኖ ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ለኤሌክትሮኒክስ የተዘጋጀ የግንኙነት ማጽጃ ወይም ውኃው እጅግ ያነሰ አይሶፕሮፒል አልኮል በቂ ነው። ጥቂት ወደ ጃኩ ያግቡና ስፒናውን አሥር ሃያ ጊዜ እየሰኩ ይንቀሉ፤ ከዚያ ባትሪ ከመመለስዎ በፊት ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ግን ስሕተት ነው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን ስስ ልባጥ ገፎ፣ ለጊዜው ቢያሽለውም በኋላ ያባብሰዋል። ሞላው የላላ ክፍት ጃክ ከሆነ፣ ስፒናው በሌለበት በቀጭን ፒንሳ በትንሹ ወደ ውስጥ ማጠፍ ይቻላል።

ሁለተኛው እንደገና መበየድ ነው። የቆየው የቆርቆሮና የእርሳስ ሶልደር በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በአብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስን ስለገደበ፣ የዛሬዎቹ ቦርዶች በአመዛኙ ከቆርቆሮ፣ ከብርና ከመዳብ በተቀመመ ሶልደር ይሠራሉ፤ ይህም ወደ 220 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። የመበየጃውን ብረት 350 ዲግሪ አካባቢ ማድረግ ለሁለቱም ይሆናል። ቁም ነገሩ ሙቀቱን ማብዛት ሳይሆን ቆይታውን ማሳጠር ነው።

አሮጌውን ሶልደር በመምጠጫ ወይም ከቀጭን የመዳብ ክር በተጎነጎነ መጥረጊያ ያንሡ። ፍለክስ የሚባለውን፣ ብዙውን ጊዜ ከጥድ ሙጫ የሚዘጋጀውን ቅባት ጥቂት ይቀቡ፤ ሥራው የብረቱን የዝገት ሽፋን ማስለቀቅ ነው። ከዚያ የመበየጃውን አፍ እግሩንና መዳቡን በአንድነት እንዲነካ አድርገው ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ያሙቁ፤ ሶልደሩን በመበየጃው ላይ ሳይሆን በሞቀው መጋጠሚያ ላይ ያስነኩት። ራሱ ፈስሶ እግሩን ከከበበ ሶልደሩን፣ ቀጥሎም ብረቱን ያንሡ፤ እስኪረጋ ድረስም አያንቀሳቅሱት። እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ አልያዘም፤ መዳቡ ገና አልሞቀም ነበር ማለት ነው። መስኮት ይክፈቱ፤ ጢሱ ሳንባ ይቆጣልና። ሥራው ሲያበቃ፣ በተለይ እርሳስ ያለበት ሶልደር ከነኩ፣ ምግብ ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሕፃናትንም ከጠረጴዛው ያርቁ።

ሦስተኛው ጃኩን መለወጥ ነው። የፕላስቲክ አካሉ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከተሰበረ ሌላ መንገድ የለም። አዲሱን ከመግዛትዎ በፊት አራት ነገር ያረጋግጡ፤ ሞኖ ወይም ስቴሪዮ መሆኑን፣ ማቋረጫ ያለው መሆን አለመሆኑን፣ የእግሮቹን ብዛትና በመካከላቸው ያለውን ርቀት። በአካሉ ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ ሥራው ይቀላል። አሮጌውን በአንድ ጊዜ ለመንቀል መታገል በቦርዱ ላይ የተለጠፈውን መዳብ ገንጥሎ ያነሣል። ይልቅ አካሉን በመቁረጫ ሰባብሮ ማስወገድና እግሮቹን አንድ በአንድ እያሞቁ በወረንጦ ማውጣት ይመረጣል። መዳቡ ቢነሣም ሁሉ ነገር አላለቀም፤ ከእግሩ ተነሥቶ በዚያው መስመር ላይ እስከሚገኘው ቀጣይ ነጥብ ቀጭን የተሸፈነ ሽቦ መዘርጋት ይበቃል።

የእኔ ስሕተት

አርብ ማታ የተሰነጠቀውን ብየዳ አደስነው። ቅዳሜ ጊታሩ ሲዘፍን አመሸ፤ የአጎቴ ልጅም ለሠርገኛው ሁሉ «የኢንጂነር ዘመድ» እያለ አሞገሰኝ። ከሦስት ወር በኋላ ግን በሌላ ሠርግ ላይ፣ እስክስታው በደመቀበት ሰዓት፣ መሣሪያው ዳግመኛ ዝም አለ። ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ዞረ። ያን ምሽት ያለ ኢፌክት፣ ጊታሩን በቀጥታ ከማጉያው ጋር አገናኝቶ ጨረሰው። በማግስቱ ሲደውልልኝ አልተቆጣኝም፤ «ያው ነገር ነው» ብቻ አለኝ። ይህ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

እንደገና ስንከፍተው ስንጥቁ በዚያው ቦታ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ብየዳውን ትቼ የሣጥኑን ግድግዳ ተመለከትኩ። በጃኩ አንገት ላይ ዳዶ መያዣ ጥርስ አለ፤ ዳዶው ግን የለም። መሣሪያው ሁለተኛ እጅ ሲገዛ ጀምሮ አልነበረውም። እኔ በመጀመሪያው ምሽት ውጤቱን ጠግኜ ምክንያቱን በቦታው ትቼው ኖሯል። ጃኩን ለወጥን፤ ሮንዴላና ዳዶ ከነቦታቸው ተመለሱ። ቀጥ ባለው ስፒና ፈንታም ወደ ጎን የታጠፈ ስፒና ያለው ገመድ ገዛ፤ መፈንቅሉ አጠረ ማለት ነው። ገመዱን በጊታሩ ማንገቻ ውስጥ አሳልፎ መሰካትም ለመደ፤ ሰው ቢረግጠው የሚጎተተው ማንገቻው እንጂ ጃኩ እንዳይሆን። መሣሪያው ዛሬም ይሠራል።

ስለዚህ ጥገናውን ሲጨርሱ ሣጥኑን ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ይህን የሰበረው ምን ነበር? አሁንስ አለ?» መልሱን ሳያገኙ የሚዘጋ ሣጥን ተመልሶ ይከፈታል።

እጅ የሚሰበሰብበት ቦታ

ሁሉንም ነገር ራስ መጠገን ብልህነት አይደለም። በባትሪ ወይም በዝቅተኛ ቮልት አዳፕተር የሚሠራ መሣሪያ ለጀማሪ የተመቸ ነው። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ውስጡ የሚያስገባ ማጉያ ግን ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኃይል በካፓሲተሮቹ ውስጥ ሊያቆይ ስለሚችል ለባለሙያ ይተው። እንደገና የሚሞላ የሊቲየም ባትሪ ያለበት መሣሪያም ጥንቃቄ ይሻል፤ ባትሪውን መብሳት፣ ማጠፍ ወይም በመበየጃ ማሞቅ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ያበጠ ባትሪ ካዩ ሥራውን ያቁሙ። የዋስትና ጊዜው ያላለፈ ዕቃንም ከመክፈት በፊት ለሻጩ ማሳየት ይቀድማል።

መሣሪያ ወይም ድፍረት የሌለው ሰው ብቻውን አይደለም። በ2009 በአምስተርዳም የተጀመረው የጥገና ካፌ ዛሬ በበርካታ የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ይገኛል። በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎች ከነመሣሪያቸው ተሰብስበው፣ የሰውን ዕቃ ከባለቤቱ ጋር አብረው የሚጠግኑበት ነው። የምትኖሩበት ከተማ ካለው ጊታሩንና ሣጥኑን ይዞ መሄድ ይቻላል።

ከአንዲት ጃክ በስተጀርባ ያለው ጉዳይም ትንሽ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ያወጡት ዘገባ እንደሚያሳየው በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥላለች፤ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ እንደዋለ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 የመጠገን መብትን የሚደነግግ መመሪያ አጽድቋል። ይሁን እንጂ መመሪያው እንደ ልብስ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣና የእጅ ስልክ ያሉ የተዘረዘሩ ዕቃዎችን የሚመለከት እንጂ የጊታር ኢፌክትን አይጨምርም። ስለዚህ የእኛን ሣጥን ከቆሻሻ መጣያ የሚያድነው፣ ለጊዜው፣ ባለቤቱ «ሞቷል» ከማለቱ በፊት የሚያደርገው ምርመራ ነው።

መሣሪያዎ ነገ ዝም ቢልብዎ እንግዲህ ከገመዱ ይጀምሩ፤ ከበሮውን ያስነሡ፤ ጫፉን በጣት ይንኩ፤ ስፒናውን ነቅነቅ ያድርጉ። እነዚህ አራት ሙከራዎች አንድ ሳንቲም አያስወጡም፤ ከአምስት ደቂቃም አይፈጁም። ዝምታው ያለበትን ቦታ ይነግሩዎታል። ሣጥኑን ሲከፍቱ ደግሞ ከብየዳው አስቀድመው ዳዶው መኖሩን ይመልከቱ።